አንድ ቃል፣ ብዙ ፍች፦ ከ«ሪያል» እስከ «አልመጣም»



በመሐል ሜዳ ከተማ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ጠዋት፣ የመንዝ ብርድ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የማድሪዱ ሪያልና እህቴ ከሳዑዲ የምትልክልን ሪያል አንድ ናቸው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ልጁም አፍሮ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን አልሳቅሁም። መልሱን በእርግጠኝነት አላውቀውም ነበርና «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍሁት።

ማታ መጽሐፍ አገላብጬ ሳጣራ ልጁ ከሳቁበት ሁሉ የበለጠ አስተዋይ ሆኖ አገኘሁት። «ሪያል» በስፓኝ ቋንቋ አንድ ቃል ሆኖ ከአንድ በላይ ፍች አለው። አንደኛው «ንጉሣዊ» ማለት ነው። ክለቡ ይህን ስም ያገኘው ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1920 ማዕረጉን ስለሰጡት ነው። ሁለተኛው «እውነተኛ፣ በተጨባጭ ያለ» ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ የጥንት የብር ገንዘብ ስም ነው፤ የንጉሥ ገንዘብ በመሆኑ «ሪያል» ተባለ። የስፓኝ የብር ገንዘብ ባሕር ተሻግሮ በንግድ ወደ ብዙ አገር ደረሰ። በዐረቢያም ከአውሮፓ የሚመጡ ትልልቅ የብር ገንዘቦች «ሪያል» ይባሉ ጀመር። በአገራችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚባለው ገንዘብ እንኳ በዚያ ሪያል ይባል ነበር። ዛሬ የሳዑዲ፣ የየመን፣ የዑማን፣ የቀጠርና የኢራን ገንዘቦች የሚጠሩበት ስም የመጣው ከዚሁ ነው።

በማግስቱ ለክፍሉ ይህንን ነገርኋቸውና «አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ ሦስቱን ሪያሎች የምንለያቸው በምንድን ነው?» አልኋቸው። ዝም አሉ። ያው ልጅ «በአጠገቡ ባለው ቃል ነዋ!» አለኝ። «ሪያል አሸነፈ» ሲባል ኳሱ፣ «ሪያል ላከችልን» ሲባል ገንዘቡ እንደሆነ እናውቃለን ማለቱ ነው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም ሊመጣ አይችልም። ቃል ብቻውን አይናገርም፤ የሚያናግረው አገባቡ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ

ለዚህ ስፓኝ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የከተማችን ስም ራሱ ምስክር ነው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የሆኑት እናት አንድ እሑድ ከእኔ ጋር ሬድዮ ሲሰሙ፣ ጋዜጠኛው ኳሱ አሁንም መሐል ሜዳ ላይ እንደሆነ ተናገረ። እሳቸውም «ምነው ታዲያ እኛ ሳናያቸው መጡሳ!» ብለው እስክንጠግብ አሳቁን። ጋዜጠኛው ስለ ኳስ ሜዳው መካከል፣ እሳቸው ስለ አገራቸው። ሌላው ደግሞ ጓደኛው ሲከዳው «መሐል ሜዳ ላይ ጣለኝ» ይላል፤ ይህ ከኳሱም ከከተማውም ውጪ ነው።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው ጓሳም እንዲሁ ነው። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ጓሳ ደግሞ ሣሩ የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ጥብቅ አገር ስም ነው። «ጓሳ ልሄድ ነው» እና «ጓሳ ላጭድ ነው» የሚሉትን የመንዝ ሰው አያምታታም፤ እንግዳ ግን መጠየቅ አለበት።

በአማርኛ ሌላም ችግር አለ። ፊደላችን የአንድን ድምፅ መጥበቅና መላላት አያሳይም። «ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋው ባለሙያ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውሃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ አለቃው ወይም ዋነኛው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። በአፍ ሲነገር ጆሮ ይለየዋል። በጽሑፍ ሲመጣ ግን ሁሉም አንድ መልክ ነው፤ ለአንባቢው ከአገባቡ በስተቀር መሪ የለውም።

ዓይንና ምንጭ፣ ነገና ንጋት

በመድረሳ የቀሩ ወጣቶች «ዐይን» የሚለውን የዐረብኛ ቃል ያውቁታል። ቃሉ የምናይበትን ዓይን ይሆናል፤ ከምድር የሚፈልቅ ምንጭም ይሆናል፤ ሰላይም፣ የነገሩ ማንነትም፣ በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብም ይሆናል። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 45 ስለ ቂሷስ ሲነገር ዓይን ነው፤ በሱረቱል ጋሺያህ አንቀጽ 12 ስለ ጀነት ሲነገር ግን የሚፈስ ምንጭ ነው። ቃሉ አንድ፣ ሱራዎቹ ሁለት፣ ፍቹም ሁለት።

የሚገርመው በስፓኝ ቋንቋም ምንጭ «የውሃ ዓይን» ይባላል። እኛስ? በደጋው መንደር ውሃ የሚፈልቅበትን ቦታ የምንጭ ዓይን እንለው የለምን? እንዲሁም በስፓኝ ቋንቋ «ማኛና» የሚለው ቃል ጠዋትም ነው፤ ነገም ነው። በዐረብኛ «ገድ» ነገ ሲሆን «ገዳህ» ማለዳ ነው። በአማርኛችንም «ነገ» እና «ነጋ» ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። የሰው ልጅ በየትም አገር ቢሆን ነገን የሚያስበው ከንጋት ጋር ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም አንቀጽ 22 የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከተአምራቱ አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል። በመለያየታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ መመሳሰል ማየት ደግሞ ልብን ደስ ያሰኛል።

አብሮኝ የሚያስተምር፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ተማረ» የሚለውን ቃል አሳየኝ። «ልጁ ተማረ» ስንል ዕውቀት አገኘ ነው፤ «ጥፋተኛው ተማረ» ስንል ምሕረት አገኘ ነው። በአማርኛ ድምፁ አንድ ሆኗል። በግዕዝ ግን በፊደል ይለያሉ፤ «መሀረ» በሀሌታው ሀ ሲጻፍ አስተማረ፣ «መሐረ» በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅር አለ ማለት ነው። እኔም በዐረብኛ የሃ እና የሐ ልዩነት ቃልን እንደሚለውጥ ስለተማርሁ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ሁለታችንም በልጅነታችን የተገረፍነው በአንድ ጉዳይ ነው ብለን ተሳሳቅን።

ረጅሙ እጅ

እስካሁን ያየነው የሚያስደስተውን ነው። ነገር ግን የቃል ድርብ ፍች የሚያስቸግርበት፣ ሰውን የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ይህ በደጋጎቹ ዘመን እንኳ የታየ ነው።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚስቶቻቸው መካከል ከእርሳቸው በኋላ መጀመሪያ የምትከተላቸው እጇ ረጅም የሆነችው እንደሆነች ነግረዋቸው ነበር። እነርሱም ቃሉን እንደተሰማው ይዘው እጃቸውን ይለካኩ ነበር። ከሁሉም ቀድመው የሞቱት ግን በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ሆኑ። እሳቸው በእጃቸው ሠርተው የሚያገኙትን ለድሆች የሚመጸውቱ ሴት ነበሩ። ረጅም እጅ የተባለው ለጋስ እጅ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል።

አሁን ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሰን ለአንድ የመንደር ሰው ብንነግረው ምን ይረዳል? በእኛ አነጋገር «እጁ ረጅም ነው» የሚባለው ሌባ ነው! አንዱ ዘንድ የልግስና ምስጋና የሆነው ሌላው ዘንድ ስድብ ይሆናል። ትርጉም የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን ልብ ሊሉ ይገባል።

ሁለተኛው የዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 187 ስለ ጾም ሲነገር ነጭ ክር ከጥቁር ክር እስኪለይ መብላትና መጠጣት እንደሚቻል ተገልጿል። ዐዲይ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ክር ከትራሳቸው ሥር አኑረው ሌሊቱን ሲያዩ አደሩ፤ ሊለዩአቸውም አልቻሉም። ጠዋት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው፣ የተፈለገው የሌሊት ጥቁረትና የቀን ንጣት መሆኑን አስረዷቸው። ዐዲይ ዐረብ ናቸው፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ነው። ሆኖም ተሳሳቱ። ከስህተታቸው ያወጣቸው መጠየቃቸው ነው።

ሦስተኛው በፊቅህ ውስጥ የታወቀ ነው፤ ትዳርንም ይነካል። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 228 የተፈታች ሴት ሦስት «ቁርእ» እንድትቆይ ታዟል። «ቁርእ» በዐረብኛ የወር አበባም ይባልበታል፤ በሁለት የወር አበባ መካከል ያለው የንጽሕና ጊዜም ይባልበታል። የሐነፊ መዝሀብ የወር አበባ ነው ብሎ ያዘ፤ የሻፊዒና የማሊኪ መዝሀቦች የንጽሕና ጊዜ ነው አሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። በሻፊዒ አያያዝ በንጽሕናዋ ጊዜ የተፈታች ሴት ሦስተኛው የወር አበባ ሲጀምራት ዒዳዋ ያልቃል፤ በሐነፊ አያያዝ ግን ሦስተኛው የወር አበባ እስኪያበቃ ትቆያለች። በነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ባል ሚስቱን መመለስ ይችላል ወይስ አይችልም? የአንድ ቤተሰብ ዕጣ በአንዲት ቃል ፍች ላይ ቆመ ማለት ነው። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች የሚከተሏቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳይ የገጠመው ሰው አንድ ትርጉም አንብቦ ለራሱ ከመፍረድ ይልቅ ዓሊም ዘንድ ሄዶ መጠየቅ አለበት።

ዑለማዎቻችን ይህን አውቀው ገና በጥንቱ ዘመን በቁርኣን ውስጥ ብዙ ፍች ስላላቸው ቃላት መጻሕፍት አዘጋጅተዋል። በ150ኛው ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ሙቃቲል ኢብን ሱለይማን በዚህ ዘርፍ ከቀደሙት አንዱ ናቸው። ለምሳሌ «ኡማህ» የሚለው ቃል በሱረቱል ቀሶስ 23 የሰዎች ስብስብ ነው፤ በሱረቱ ዩሱፍ 45 የጊዜ ርዝመት ነው፤ በሱረቱ ዙኽሩፍ 22 የሃይማኖት መንገድ ነው፤ በሱረቱ ነሕል 120 ደግሞ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ብቻቸውን ኡማህ ተብለዋል፤ በመልካም ነገር አርአያ የሚሆን መሪ ማለት ነው። አንዱን ፍች ብቻ የያዘ ሰው በሌላው ቦታ ግራ ይጋባል።

በቤታችን የሆነው

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን መጽሐፍ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. በቤታችን የሆነ ነገር ነው።

የተወለድሁት በቆላው፣ በይፋት ነው። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የእህቴ ኒካሕ ተቃርቦ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ይሠራ ስለነበር አባቴ «አጎትህን ይዘህ ና» ብሎ ላከበት። ኒካሑ ሐሙስ ሊታሠር ሰኞ ዕለት በአውቶቡስ ሰው እጅ ደብዳቤ ደረሰን። አባቴ ቁርኣን እንጂ የአማርኛ ፊደል አያነብም ነበርና ደብዳቤውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም በተማሪ ኩራት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፦ «አጎቴን ሦስት ቀን ጠበቅሁት። አልመጣም። እናንተ ግን ኒካሑን እንዳታዘገዩት።»

«አልመጣም» የሚለውን አላልቼ አነበብሁት። ስለዚህ የወንድሜ ቃል ሆነ፤ እኔ አልመጣም። ጠብቆ ቢነበብ ኖሮ የአጎቴ ነበር፤ እርሱ አልመጣም።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አባቴ ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ሥራው ከእህቱ በልጦበት ይሆናል» አለ። በዚያን ዘመን በመንደራችን ስልክ አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ማንንም ሳንጠብቅ ኒካሑ ታሠረ። ወንድሜ በዚያው ቀን ዐሥር ሰላት ላይ ለእህቴ የገዛውን ልብስ በብብቱ ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። ሰው ተበትኗል፤ ሙሽራዋ ሄዳለች።

«ሳትጠብቁኝ?» አለ።

«አልመጣም ብለህ ጽፈህ!» አለ አባቴ።

ደብዳቤው ከሣጥን ወጣ። ወንድሜ ተቀብሎ አጥብቆ አነበበው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ «አንተ ልጅ፣ ቁርኣን ስትቀራም ሸዳ ትዘላለህን?» አለኝ። ያቺ ጥያቄ ከዱላ በላይ አመመችኝ።

ወንድሜን የጎዳው ግን የእኔ ንባብ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ነው የነገረኝ። «አንተ ልጅ ነህ፤ ተሳሳትህ። እኔን ያሳዘነኝ ሁላችሁም ወዲያው ማመናችሁ ነው። ለእህቴ ኒካሕ አልመጣም ብዬ የምጽፍ ሰው መስያችሁ ነበርን?» አለኝ። አየህ፣ አገባብ ማለት በአጠገብ ያለው ቃል ብቻ አይደለም፤ የጸሐፊው ጠባይም አገባብ ነው። ሃያ ዓመት ያወቅነውን ልጅ ትተን አንዲት ቃል አመንን።

ሸዳውን እንመልስ

ዐረብኛ ይህን ችግር ለማስወገድ ብዙ ደክሟል። መጀመሪያ ጽሑፉ ነጥብም ሐረካትም አልነበረውም። በኋላ ነጥቦቹ ተጨመሩ፤ በሁለተኛው ክፍለ ዘመነ ሒጅራ የነበሩት ኸሊል ኢብን አሕመድ ደግሞ ሸዳን ጨምሮ ዛሬ የምናውቃቸውን ምልክቶች እንደቀረጹ ይነገራል። የወሎ ዑለማዎች መንዙማቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ይህ ምልክት በእጃቸው ነበር። በስፓኝ የቀሩ ሙስሊሞችም እ.ኤ.አ. ከ1609 እስከ 1614 ከአገራቸው እስኪባረሩ ድረስ የስፓኝን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ የጽሑፉም ስም «ዐጀሚያህ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እኔም ዛሬ ተማሪዎቼን ሳስተምር የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ትንሽ ሸዳ እንዲያኖሩ አደርጋለሁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተማሪ ለምዶታል።

በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 አማኞች ወሬ ሲመጣላቸው እንዲያጣሩ ታዘዋል። ብዙዎቹ ቀሪኦች ትእዛዙን «ፈተበየኑ» ብለው ያነቡታል፤ ሐምዛህና ኪሳኢይ ግን «ፈተሰበቱ» ብለው ያነቡታል። ነጥቦቹ ቢነሡ የሁለቱ ቃላት አጻጻፍ አንድ ነው። የመጀመሪያው ግልጽ እስኪሆን መርምሩ፣ ሁለተኛው እስክታረጋግጡ ረጋ በሉ ማለት ነው። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! አጣሩ የሚለው ቃል ራሱ በሁለት መንገድ ይነበባል፤ በሁለቱም መንገድ የሚያዘው ግን ማጣራትን ነው።

ወላጆችና ወጣቶች ሆይ! ዛሬ ደብዳቤ በአውቶቡስ አይመጣም። ከጅዳም፣ ከቤይሩትም፣ ከአዲስ አበባም አጭር መልእክት በደቂቃ ይደርሳል። ግን የሚጻፈው በዚያው ሸዳ በሌለው ፊደል ነው። እንዲያውም አንዳንዱ በላቲን ፊደል ስለሚጽፈው ይብሳል። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ መልእክት ስትጽፉ ማን እንደሆነ ግለጹ። «አልመጣም» ከማለት «አጎቴ አልመጣም» ወይም «እኔ አልመጣም» ማለት አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጨምረው።

ሁለተኛ፣ የሚያስቀይም ቃል ሲደርሳችሁ በሌላ መንገድ ሊነበብ ይችል እንደሆነ ደግማችሁ አንብቡት፤ ጸሐፊውንም አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ። በዚያን ዘመን ስልክ አልነበረንም፤ ዛሬ ግን ምክንያት የለንም።

አራተኛ፣ ልጆች ስለ ቃል ሲጠይቁ አትሳቁባቸው። ያ ተማሪ በተሳቀበት ቀን ዳግመኛ እጁን ባያወጣ ኖሮ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አልነበረም።

አባቴ አሁን በሕይወት የለም፤ አላህ ይማረው። ይህችን «ይማረው» እንዴት እንደምታነቧት ግን አልጠራጠርም፤ አገባቧ ይነግራችኋል። ወንድሜም በየዒዱ ከመምጣቱ በፊት መልእክት ይልክልኛል። ከቃሉ ፊት ሁልጊዜ «እኔ» የሚለውን ይጨምራል፦ «እኔ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»